ክሬሙን ጥሎ የቀረው ቦምቦሊኖ

ከጎንደር በማለዳ ተነስቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የሚደርስ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያየው ትኩስ ነገር ያለበትን ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የጠዋቱ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ሻይ ይታዘዛል፣ ከሻዩ ጋር ቦምቦሊኖ።

ትውልዱ ኢጣሊያ፣ ቶስካና ነው። እዚያ ቦምቦሎኔ የሚሉት በእንቁላልና በቅቤ ይቦካል፣ ሆዱም በክሬም ወይም በማርማላታ ይሞላል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ጎንደርን የግዛት ማዕከል አድርገዋት ነበር፤ ደባርቅ አጠገብ ያለውን የሊማሊሞን ገደል የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድም ያሠሩት እነሱ ናቸው። ሊማሊሞ አናት ላይ መሽጎ የነበረው ጦራቸው መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም ኅዳር ላይ ነጻ ወጣች። እነሱ ሄዱ፣ ፓስታውና ቦምቦሊኖው ቀረ።

የቀረው ግን ክሬሙን ጥሎ ነው፤ ብዙ ቦታ እንቁላሉንና ቅቤውንም። እንደኔ ከሆነ ያሰነበተው ይኸው ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምም ቢሆን ይበላል፤ የዳቦ መጋገሪያም አያስፈልገውም፣ አንድ ድስትና ከሰል ይበቃዋል።

ቤት ውስጥ ለመሥራት ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ቆንጠር ያለ ጨው፣ ጥቂት ዘይት። ለብ ባለ ውኃ ይቦካና እጅ መያዝ እስኪተው ይታሻል። ደጋ ላይ ሊጡ በሁለት ጌታ ይታዘዛል፦ ብርዱ እርሾውን ያዘገየዋል፣ የሳሳው አየር ደግሞ አንዴ ከጀመረ ቶሎ ያስነሳዋል። ስለዚህ ሰዓት አይታመንም። ተከድኖ ምድጃ አጠገብ ይቀመጥ፤ እጥፍ ሲሆን ይበቃዋል፣ ካለፈ ይኮመጥጣል።

ተዳምጦ በብርጭቆ አፍ ይቆረጣል፣ መሃሉ በቆርኪ ይበሳል። ቀዳዳው ለጌጥ አይደለም፤ መሃሉ ሊጥ ሆኖ እንዳይቀር ነው፣ በእንጨት ለማውጣትም ይመቻል። እንደገና ኩፍ እስኪል ጥቂት ይረፍ። ዘይቱ መድረሱን ቁራጭ ሊጥ ጣል አድርጎ ማየት ነው፦ ወዲያው አረፋ ከቦት ብቅ ካለ ደርሷል፤ ከጠቆረ እሳቱ ይቀነስ፣ አለዚያ ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል።

ጥሩ ቦምቦሊኖ በወገቡ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀበቶ አለው። በደንብ የተነሳ ሊጥ ቀላል ስለሆነ ዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲገለበጥም ወገቡ ዘይት አይነካውም። ቀበቶ የሌለውን ሻጩ ምንም ቢምል አልገዛውም።

ስኳር የሚነሰነስበት ትኩስ እያለ ነው። ያደረው እንደ ቆዳ ይጎተታል፤ ምጣድ ላይ ከድኖ ማሞቅ ትንሽ ያለሰልሰዋል፣ የጠዋቱን ግን አይመልሰውም።