ሚኒስትሩ ሲጠየቁ ምን እንስማ? የአየር ንብረትና የኢነርጂ ፖሊሲ ከጣርማ በር አጥቢያዎች አንጻር

የውኃና ኢነርጂ ሚኒስትር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወይም በቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርበው የመሥሪያ ቤታቸውን ሥራ ሲያስረዱ፣ መልሳቸው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ወደ አጥቢያዎቻችን ይደርሳል። ይህን ያህል ሜጋዋት ተጨመረ፣ ይህን ያህል ቀበሌ ተዳረሰ፣ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ ይባላል። በሌላ ወገን በጣርማ በር ብርድና ጉም ውስጥ እናቶች ዛሬም ጭራሮ ለቅመው፣ ኩበት ጠፍጥፈው ነው ምጣድ የሚያሰሙት። ከዚህ የተነሣ ብዙ የሰበካ ጉባኤ አባላት «የቱ ነው እውነቱ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን እንደሚችል፣ ልዩነቱም የሚኒስትሩን ቃላት አለያይቶ በመስማት እንደሚታወቅ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድመን ጥያቄ ማቅረብ ድፍረት እንዳልሆነ እናስታውስ። በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 መሠረት፣ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣኖችን ለጥያቄ የመጥራት ሥልጣን አለው። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይም ሐሳብ የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ከአጥቢያ የሚነሣ ጥያቄ በተወካይ በኩል እስከ ሚኒስትሩ ድረስ የሚሄድበት ሕጋዊ መንገድ አለው።

ፖሊሲው ባጭሩ

ኢትዮጵያ «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ» የተባለውን ሰነድ ይፋ ያደረገችው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በሰነዱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2010 የሀገሪቱ የበካይ ጋዝ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ነበረ። ኢኮኖሚው በነባሩ መንገድ ቢያድግ እ.ኤ.አ. በ2030 ልቀቱ ወደ 400 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ተብሎ ተተነበየ። ግቡም እድገቱ ሳይቆም ልቀቱን በ150 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ማቆየት ሆነ።

ከዚህ ልቀት ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን መመናመን የሚመጣ እንጂ ከፋብሪካና ከመኪና አይደለም። ይህን ሰበካ ጉባኤያት ልብ ሊሉት ይገባል። ሀገራችን ለዓለም ብክለት ያላት ድርሻ ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ነው፤ ይሁን እንጂ የራሳችን ችግር መነሻው እርሻችን፣ እንስሳታችንና ማገዷችን በመሆኑ፣ መፍትሔውም በአብዛኛው በገጠሩ እጅ ነው።

ሥራው በአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚመራ አይደለም። በመስከረም 2014 ዓ.ም. በተቋቋመው ካቢኔ ዶ/ር ኢንጂነር ሀብታሙ ኢተፋ የተሾሙበት የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የኢነርጂ ፖሊሲውን ይይዛል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመርም ያስተላልፋል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለደንበኛ ያከፋፍላል። ደኑና ግብርናው ደግሞ የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ኃላፊነት ነው። ጥያቄያችን ለሚመለከተው ካልቀረበ ተገቢውን መልስ አናገኝም።

«አቅም» እና «ምርት»

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው ይባላል። አቅም ማለት ተርባይኖቹ ሁሉ በሙሉ ኃይል ቢዞሩ በአንድ ጊዜ የሚሰጡት ነው። በዓመት ይመረታል ተብሎ የሚጠበቀው ግን ወደ 16 ሺህ ጊጋዋት ሰዓት የሚጠጋ ሲሆን፣ ይህም ያለ ዕረፍት በሙሉ አቅም ቢሠራ ከሚገኘው ከሢሶ እምብዛም የሚበልጥ አይደለም። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ወፍጮው በሰዓት ስንት ኩንታል መፍጨት ይችላል የሚለውና በዓመት ስንት ኩንታል ፈጨ የሚለው ሁለት ጥያቄ ነውና። ሚኒስትሩ ሜጋዋት ሲጠሩ የምንሰማው የፊተኛውን ነው።

የግድቡ ምርት በውኃው መጠን ይወሰናል፤ እዚህ ላይ የጣርማ በር ሰው ባለ ድርሻ ነው። የጣርማ በር ሸንተረር የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። በምሥራቅ በኩል ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል፤ በምዕራብ የሚወርደው በበሬሳና በሌሎች ወንዞች በኩል ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። በምዕራቡ ተዳፋት ያልተጠበቀ መሬት የሚያጥበው አፈር ጉዞው ወደ ዓባይ ነው። በአንድ አጥቢያ የሚሠራ እርከን የገበሬውን ማሳ ከመጠበቁ ሌላ ወደ ግድቡ የሚሄደውን ደለል ይቀንሳል።

«ነፋሳችንስ ለምን ኃይል አይሆንም?» የሚል ጥያቄም ይነሣል። በአዳማ፣ በአሸጎዳ፣ በአይሻና በአሰላ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተሠርተዋል። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የሀገሪቱ ኤሌክትሪክ ከውኃ ስለሚገኝ፣ ወንዞች በሚቀንሱበት በበጋ የሚነፍስ ነፋስ ጥሩ ደጋፊ ነው። ሆኖም ቦታ የሚመረጠው ነፋሱ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በመሣሪያ ተለክቶ፣ መንገድና ማስተላለፊያ መስመርም ታስቦ ስለሆነ፣ ነፋስ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም።

«ተዳረሰ» እና «ገባ»

በ2011 ዓ.ም. የታደሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ለማዳረስ አቅዶ ነበር፤ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጭ በፀሐይና በመሰል መንገድ። በዓለም ባንክ ድጋፍ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የቤተሰብ ጥናት በዚያን ጊዜ ኤሌክትሪክ ያገኙት ቤተሰቦች 44 በመቶ ያህል መሆናቸውን አሳይቷል፤ 33ቱ በዋናው መስመር፣ 11ዱ ከመስመር ውጭ። የታቀደው ዓመት አልፏል፤ ብርሃኑ ግን ለሁሉም አልደረሰም። ይህን መናገር ተቃውሞ ሳይሆን ሒሳብ ነው፤ ቀሪው በስንት ዓመትና በምን ገንዘብ እንደሚሠራ መጠየቅም ተገቢ ነው።

አንድ ቀበሌ «ተዳረሰ» ሲባል አንዳንድ ጊዜ መስመሩ ከቀበሌው ማእከል ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ቤት ለመግባት ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ሽቦና ቆጣሪ ያስፈልጋል። ከፍተኛ መስመር በራሳቸው ላይ የሚያልፍ አጥቢያዎች «ይህ እያለ ለምን በጨለማ እንቀመጣለን?» ይላሉ። ምክንያቱ የኃይሉ ጉልበት ነው። በታላላቅ ምሰሶዎች የሚሄደው ከመቶ ሺህ ቮልት በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ሺህ ወይም 15 ሺህ፣ ከዚያም በሰፈር ትራንስፎርመር ወደ 380ና 220 ቮልት ዝቅ ሳይል ቤት ሊገባ አይችልም። ስለዚህ «መቼ ይገባል?» ከማለት ይልቅ «ለእኛ የሚቀርበው ማከፋፈያ ጣቢያ የቱ ነው? የትራንስፎርመሩ ተራስ በየትኛው በጀት ዓመት ተይዟል?» ብሎ መጠየቅ የጠራ መልስ ያስገኛል።

«መብራት» እና «ማገዶ»

ከሁሉ ይልቅ ልንቆይበት የሚገባው ይህ ነው። ሕዝባችን ኤሌክትሪክን «መብራት» ብሎ ይጠራዋል፤ ስያሜውም ነገሩን ይገልጣል። አብዛኛው የገጠር ቤት መስመር ወይም ፀሐይ ሲያገኝ ኩራዙን ይተዋል እንጂ ሦስት ጉልቻውን አይተውም። በሀገር ደረጃ ከምንጠቀመው ጠቅላላ ኢነርጂ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ዛሬም እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የእህል ተረፈ ምርት ነው። ከቤት ማገዶ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይፈልጋል። በጣራ ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ ግን ጥቂት አምፖል ለማብራትና ስልክ ለመሙላት የታሰበ ነው። ስለዚህ «ይህን ያህል ቤተሰብ የፀሐይ ኃይል ተጠቃሚ ሆነ» የሚለው መልስ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ከወፍ ዋሻ ደን ዳር የሚወርደውን የእንጨት ሸክም አያቀልለውም። መስመር ባለበትም ቢሆን፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እንዲሻሻል የተወሰነው ታሪፍ አቅም ያነሰውን ቤተሰብ ወደ እንጨት ሊመልሰው ይችላል።

የማገዶው ዋጋ በገንዘብ ብቻ አይለካም። ኩበት ሲነድድ ለገብስ ማሳው ይሆን የነበረው ፍግ አብሮ ይነድዳል፤ እርሻው ይደክማል፣ ገበሬውም ማዳበሪያ ለመግዛት ይገደዳል። ጭሱ የእናቶችንና የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል፤ እንጨት ለቀማውም ሴት ልጆችን ከትምህርት ሰዓት ያጎድላል። ወፍ ዋሻ ጽድ፣ ኮሶና ዝግባ የያዘ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንዳስለሙት በትውፊት የሚነገርለት ደን ነው። ደኑ በየቀኑ በሸክም ከቀነሰ ከሥሩ የሚመነጨው ውኃ መቀነሱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ርካሹና ቅርቡ መፍትሔ የተሻሻለ ምድጃ ነው። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ሲሆን፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። የ2004ቱ ስትራቴጂም እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ 9 ሚሊዮን ምድጃ ማሠራጨትን አስቦ ነበር። ቁጥሩ ሲነገር ግን «ስንቱ ዛሬም በሥራ ላይ ነው?» ብለን እንጠይቅ፤ የተሰነጠቀና የተጣለ ምድጃ በሪፖርት ላይ ይኖራል እንጂ እንጀራ አይጋገርበትም።

«በራሳችን» እና «እርዳታ ከተገኘ»

ኢትዮጵያ በፓሪሱ ስምምነት መሠረት በ2013 ዓ.ም. ባደሰችው ሰነድ እ.ኤ.አ. በ2030 ልቀቷን ከተተነበየው በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብታለች። ከዚህ ውስጥ በራሷ አቅም የምትፈጽመው 14 በመቶውን ነው፤ የቀረው የውጭ ድጋፍ ከተገኘ የሚፈጸም ነው። ለሁሉም የተገመተው ወጪ 316 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ 80 በመቶው ከውጭ ይጠበቃል። ጌታችን ግንብ ለመሥራት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሯል። እንግዲህ ሚኒስትር ግብ ሲጠቅሱ፣ በእጃችን ባለው የሚሠራው የቱ፣ ገና በሚለመነው የሚሠራው የቱ እንደሆነ ለይተን እንስማ። እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲካሄድ ይህ የገንዘብ ጥያቄ ዐቢይ መሆኑ አይቀርም።

«ተተከለ» እና «ጸደቀ»

በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር፣ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ ተነግሯል። ይህ ታላቅ የሕዝብ መነሣሣት ነው። ሆኖም ችግኝ በሐምሌ ተተክሎ ፍሬው የሚታወቀው በግንቦት ነው፤ በጋውን፣ ውርጩንና የልቅ ግጦሹን ካለፈ ጸደቀ ይባላል።

በዚህ ረገድ የአብያተ ክርስቲያናት አጸድ የማይናቅ ምስክር ነው። በዙሪያው ያለው ተራራ በተራቆተበት ሀገር ነባሩ ዛፍ የተረፈው አባቶች በውግዘትና በፍቅር በጠበቁት አጸድ ውስጥ ነው። ዛሬ ግን ፈተናው ከውስጥም ይመጣል። የሕንፃ ሥራ ገንዘብ ሲያጥረው የጽዱን ግንድ ሸጦ ቆርቆሮ የመግዛት ሐሳብ በሰበካ ጉባኤ ይነሣል። መቅደሱ ሊሠራ ይገባል፤ ነገር ግን ባሕር ዛፍ ተቆርጦ በጥቂት ዓመት ሲያቆጠቁጥ፣ የጽድ ዕድሜ የሚቆጠረው በትውልድ ነው። ለሽያጭ ባሕር ዛፍን ከአጸዱ ውጭ ማልማት፣ አጸዱን ግን አለመንካት የሚበጅ መንገድ ነው። አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲሠራትና እንዲጠብቃት ነውና፣ አደራው ሁለቱንም ይይዛል።

ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ በአጥቢያው ስንት ቤት ቆጣሪ እንዳለው፣ ስንት ቤት በፀሐይ ብቻ እንደሚያበራ፣ ስንት ቤት በሦስት ጉልቻ እንደሚጋግር ቆጥሮ ይመዝግብ። በንስሐ አባቶች በኩል ይህ በጥቂት ሳምንታት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ቁጥር የያዘ ጥያቄም በቀላሉ አይታለፍም።

ሁለተኛ፣ ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጎ ለሚመለከተው ያቅርብ። የቆጣሪና የትራንስፎርመር ጉዳይ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ የምድጃና የፀሐይ ኃይል ጉዳይ ለወረዳው የውኃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት፣ የችግኝና የእርከን ጉዳይ ለግብርና ጽሕፈት ቤት፣ የፖሊሲው ጉዳይ ደግሞ ለምክር ቤት ተወካዩ ይድረስ።

ሦስተኛ፣ ከራሱ ግቢ ይጀምር። የሰንበቴ ቤቱና የድግስ ቤቱ ምድጃ ከተሻሻለ፣ በየበዓሉ የሚነድደው እንጨት ይቀንሳል፤ ምእመናንም በዐይናቸው አይተው ለቤታቸው ይፈልጉታል።

አራተኛ፣ በክረምት የሚተክለውን ችግኝ ለሀገሩ የሚስማማ ያድርግ፤ ለደጋው ኮሶ፣ አስታና ጽድ፣ ዝቅ ላለው ወይራና ዝግባ። በጥርና በግንቦት ቆጥሮም የጸደቀውን ብቻ ለምእመናን ይንገር።

ከሚኒስትር የጠራ ቁጥር የምንፈልግ እኛ፣ የራሳችንን ቁጥር አስቀድመን ብናጠራ ጥያቄያችን ይከበራል። ለምድሪቱ ዝናምን በወቅቱ የሚሰጥ እግዚአብሔር አደራችንን የምንጠብቅበትን ማስተዋል ያድለን፤ አሜን።