ወደ ደቡብ ኢጣልያ እንሂድ ወይስ እንቅር?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ አበው፥ በችኮላ የተወሰነ ጒዞ ገንዘብን ፈጅቶ ድካምን ብቻ ያተርፋል። ልጆቻቸው በአውሮፓ የሚኖሩ ወላጆች ተጠርተው ወደ ኢጣልያ ሲሄዱ፥ ብዙውን ጊዜ ሮማንና ቬኔሲያን አይተው ይመለሳሉ። ስማቸው እምብዛም የማይነሣውን የደቡብ ከተሞች ማየት ይገባን ይሆን ብለው የሚያመነቱም አሉ። እኛም ለውሳኔው ይረዳ ዘንድ ስለ ሦስት ሥፍራዎች ጥቂት እንናገራለን።

የመጀመሪያይቱ በባዚሊካታ የምትገኘው ማቴራ ናት። በገደሏ ላይ ከለስላሳ ድንጋይ የተፈለፈሉ ብዙ የዋሻ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ላሊበላን የተሳለመ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ መነካቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ በነዚያ ዋሻዎች ድኻው ሕዝብ ከከብቱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ይኖር፥ ወባም ያሠቃየው ስለ ነበር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1952 በወጣ ሕግ 15 ሺህ ያህል ሰዎች ወደ አዲስ ቤት እንዲዛወሩ ተደረገ። ከተማይቱ በ1993 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ ከዋሻዎቹም ብዙዎቹ ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል። ስለዚህ ጐብኚው የድንጋዩን ውበት ሲያደንቅ፥ በዚያ ልጆቻቸውን ያሳደጉትን እናቶች መከራ ሊዘነጋ አይገባውም።

ሁለተኛይቱ በካላብርያ የምትገኘው ሮሳኖ ናት። በቤተ መዘክሯ በስድስተኛው መቶ ዓመት በጽርዕ ቋንቋ የተጻፈ ወንጌል ይጠበቃል። ብራናው ሐምራዊ ቀለም የተነከረ፥ ጽሕፈቱም በብርና በወርቅ የተጣለ ሲሆን፥ እስከ ዛሬ የተረፉት 188 ቅጠሎች ናቸው። የአባ ገሪማን ወንጌል ክብር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን መጽሐፍ ማየት የሩቅ ዘመድን እንደ ማግኘት ያለ ደስታ ነው።

ሦስተኛይቱ ከሮሳኖ በላይ በሲላ ተራሮች መካከል ያለችው ሎንጎቡኮ ናት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ የፋሽስት መንግሥት ወደ ኢጣልያ ካጋዛቸው ኢትዮጵያውያን ከፊሎቹ በዚህች መንደር በግዞት ቆይተዋል። «የወረረንን አገር ለምን እንጐበኛለን?» የሚል ሰው ቢኖር ቅሬታው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን አባቶቻችን በባዕድ ተራራ ብርድ የቆዩበትን ሥፍራ ለልጅ ማሳየት መታሰቢያቸውን ማጽናት እንጂ በደሉን መርሳት አይደለም።

አሁን ደግሞ ችግሩን እንመዝን። የደቡብ መንገድ ትዕግሥትን ይጠይቃል። ሎንጎቡኮ ባቡር አይደርስባትም፤ ያለ መኪና መሄድ አድካሚ ነው። የሮሳኖ ባቡር ጣቢያ በባሕሩ ዳር ሲሆን አሮጌው ከተማ በኰረብታ ላይ ነው። የማቴራ ደረጃዎች ጒልበቱን ለሚያመው አረጋዊ ይከብዳሉ። እሑድና በበዓል ቀን የመጓጓዣው ቍጥር ይቀንሳል፤ በቀትርም ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና ሱቆች ይዘጋሉ። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ብርቱ ነውና፥ ሚያዝያና ግንቦት ወይም መስከረምና ጥቅምት ይሻላሉ። በጾም ወራት ለሚጓዝ ግን አገሩ የተመቸ ነው፤ ሽምብራው፥ አትክልቱና የወይራ ዘይቱ ብዙ ነው፤ የተፈጨ ባቄላ ከመራራ ቅጠል ጋር የፑልያ ሰዎች የዘወትር ምግብ ነው።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። ያላችሁ ጊዜ ከሳምንት የማይበልጥ ከሆነ፥ ወይም ከናንተ ጋር የሚጓዙት ወላጆች መራመድ የሚያቅታቸው ከሆኑ፥ ሮማ ይበቃችኋል፤ ደቡብን ለሌላ ጊዜ አቈዩት። አሥር ቀን ወይም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ካላችሁ ግን፥ የቅዱስ ኒቆላዎስ ዐፅም ከ1087 ጀምሮ ባረፈባት በባሪ ተቀምጣችሁ ማቴራን በትንሹ ባቡር ጐብኙ፤ ከዚያም በሮሳኖ ሁለት ሌሊት እደሩ። ሁሉን በአንድ ቀን ለማየት አትሞክሩ። ከመነሣታችሁም በፊት ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ወደ ሎንጎቡኮ ለምን እንደምትሄዱ ንገሯቸው፤ ምክንያቱን ያወቀ ልጅ መንገዱ ሲረዝምበት አያጒረመርምምና።