ድምፁ የጠፋ ኪቦርድ ሁሉ የሞተ አይደለም

በሚዛን አማን፣ በቴፒና በአካባቢው ከሰርግ ድንኳንና ከመዘምራን መድረክ የማይለየው ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ፣ ዓመታት ሲቆጠሩ ጥቂት ቁልፎቹ ዝም ይላሉ። ባለቤቱም ጥግ ያስይዘዋል፤ ቀጥሎ የልጆች መጫወቻ ይሆናል፤ በመጨረሻም ይጣላል። ሆኖም የብዙዎቹ ብልሽት አልኮል በነካው ጥጥ የሚወገድ ነው።

የቆዩ ኪቦርዶችን ማደስ በዓለም ዙሪያ ብዙዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩት ሥራ ነው። ዋናው ምክንያት ድምፁ ነው። የዋሊያስ ባንድ ባልደረባ የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ በቀረጸው አልበም አኮርዲዮንን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አዋሕዷል። ካሴቱ ከዓመታት በኋላ በባሕር ዳር አንድ ካሴት መሸጫ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ በሚያሽከረክርበት ዘመን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። እንዲህ ያሉ ቀለማትን አዲስ መሣሪያ ይመስላቸዋል እንጂ አይተካቸውም።

የደቡብ ምዕራብ አየር ለኤሌክትሮኒክስ ምቹ አይደለም። በሚገባ የደረቀ ቡና እርጥብ መጋዘን ቢገባ እርጥበቱን መልሶ እንደሚጠጣው ሁሉ፣ የኪቦርድ ውስጡም በረዥሙ ዝናብ ወራት እርጥበትና አቧራ ይቀበላል። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የላስቲክ ጉብታ አለ፤ ጉብታው ካርቦን የተቀባ ንጣፍ ይዞ በሰሌዳው ላይ ሲያርፍ መስመሩን ይዘጋል። የጣትን ኃይል በሚለዩ ኪቦርዶች በአንድ ቁልፍ ሥር ሁለት ንጣፎች ይገኛሉ፤ በሁለቱ መነካት መካከል ያለችው ቅጽበት የድምፁን ጉልበት ትወስናለች። አንዱ ሲቆሽሽ ቁልፉ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሳይታሰብ ይጮኻል።

ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሣት በፊት የተበላሹትን ቁልፎች በወረቀት መመዝገብ ይበጃል። እዚህም እዚያም የተበታተኑ ከሆኑ ቆሻሻ ነው። በእኩል ርቀት የሚደጋገሙ ከሆኑ ግን ቁልፎቹ የሚጋሩት መስመር ወይም ገመድ ተቋርጧልና ላስቲክ መጥረግ አይፈታውም። ይህን ሳይለዩ መፍታት የጤነኛውን ክፍል ዕድሜ ማሳጠር ነው።

ሲፈታ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ ብሎኖቹንም እንደ ርዝመታቸው መለየት ያስፈልጋል፤ ረዥም ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ላይኛውን ሽፋን ይበሳል። ንጣፉና ሰሌዳው በንጹሕ አልኮል በቀስታ ይጠረጋሉ። መፋቅ ካርቦኑን ያነሣዋል፤ ቤንዚን ደግሞ ፕላስቲክና ላስቲኩን ይበላል። ከአልካላይን ባትሪ የወጣ ነጭ ቅርፊት በጥቂት ኮምጣጤ ይሟሟል፤ ከዚያም በአልኮል ተጠርጎ ይደርቃል።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት ግን የሚደርሰው በኃይል ምንጭ ነው። በጃፓን 100፣ በአሜሪካ 120 ቮልት ታስቦ የተሠራ መሣሪያ በእኛ 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል። የአዳፕተር ጫፍም ያታልላል፦ በብዙ የቆዩ ካሲዮዎች መካከለኛው ኔጌቲቭ ሲሆን፣ በያማሃ ፖዘቲቭ ነው። ከመሰካቱ በፊት ከመሰኪያው አጠገብ የታተመውን ምልክት ማየት ደቂቃ አይፈጅም።

የድሮ ኦርጋኖችና በቀጥታ በመብራት የሚሠሩ መሣሪያዎች ሌላ ነገር ናቸው። ውስጣቸው ያሉት ካፓሲተሮች በዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ፤ ድምፁም በጉርምርምታ ይታጀባል። ተነቅለውም ቢሆን ኃይል ሊይዙ ስለሚችሉ፣ መልቲሜትር መጠቀምና መበየድ ያልተማረ ሰው ሊነካቸው አይገባም። የፋብሪካው ልዩ ቺፕ ከተቃጠለ ደግሞ መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ከሌላ ተመሳሳይ ሞዴል መንቀል። የማይጠገን የሚመስል ኪቦርድም በዚሁ ምክንያት መጣል የለበትም።

የታደሰው መሣሪያ በክረምት ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ባትሪው ይወጣል። በፕላስቲክ መጠቅለል እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነዋል፤ ቡናውን በማዳበሪያ ከረጢት አፍኖ ያየ ገበሬ ውጤቱን ያውቀዋል።