ጂፒኤስን በኮድ መስራት ይቻላል? አዎ፣ እንዴት እንደሆነ እንያችሁ 🛰

ታክሲ በአፕ ስትጠሩ ካርታው ላይ የምትታየውን ሰማያዊ ነጥብ ታውቋታላችሁ። ነጥቧን የሚያሰላው ስልካችሁ ውስጥ ያለ ትንሽ ቺፕ ነው። መልሱን ይሰጣችኋል እንጂ እንዴት እንዳገኘው አያሳያችሁም።

ኤስዲአር የሚባለው በሶፍትዌር የሚሰራ ሬዲዮ ግን ያሳያል። አንቴና ሲግናሉን ይቀበላል፣ ትንሽ መሳሪያ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፣ የቀረውን ሁሉ የሚሰራው ኮድ ነው።

ከባዱ ነገር ሲግናሉ መድከሙ ነው። ሳተላይቶቹ ያሉት ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ በ1575.42 ሜጋኸርዝ የሚልኩት ሲግናል እኛ ጋ ሲደርስ ከሬዲዮው ጫጫታ በታች ይሆናል። ታዲያ ፕሮግራሙ እንዴት ያገኘዋል?

1. መፈለግ፦ እያንዳንዱ ሳተላይት 1,023 ቁጥር ያለው የራሱ ኮድ አለው፤ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ይደግመዋል። ፕሮግራሙ ኮዱን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ከተቀዳው ጋር እያንሸራተተ ያመሳክራል። ሲገጥም ከጫጫታው መሃል አንድ ጫፍ ብቅ ይላል። ሳተላይቱ ስለሚንቀሳቀስ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ዝቅ ይላል፤ እሱም አብሮ ይፈተሻል።

2. መከተል፦ የተገኘው እንዳያመልጥ ያለማቋረጥ ማስተካከል።

3. ማንበብ፦ ሳተላይቱ የት እንዳለና ስንት ሰዓት ላይ እንደላከ ይነግረናል፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ነው። ስልካችሁ የሚፈጥነው ይህን መረጃ ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ ነው።

4. ማስላት፦ ቢያንስ 4 ሳተላይት ያስፈልጋል፤ ሦስቱ ለቦታ፣ አራተኛው የመቀበያችንን ሰዓት ለማረም። የ1 ማይክሮ ሰከንድ ስህተት ርቀቱን በ300 ሜትር ያዛባል!

ጥቅሙስ? ዛሬ አውሮፕላንና መርከብ የሚያሳስቱ የሀሰት ሲግናሎች አሉ። ተራ ቺፕ ዝም ብሎ ሊያምናቸው ይችላል። በራሳችሁ ኮድ ስትሰሩ ግን የአንድ ሳተላይት ጫፍ ሁለት ሆኖ ይታያችኋል፤ ከህንፃ ነጥሮ የመጣ ነው ወይስ የሀሰት ብላችሁ መመርመር ትችላላችሁ።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባለው ርካሽ ዩኤስቢ ለልምምድ ይበቃል። አብሮት ግን የጂፒኤስ አንቴና ያስፈልጋል፤ ይሄ አንቴና ማጉያ ስላለው ኤሌክትሪክ ማግኘት አለበት። ጂኤንኤስኤስ-ኤስዲአር የተባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። ሰማይ በደንብ የሚታይበት ቦታ ሆናችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ቅዱና ቤት ገብታችሁ ፋይሉ ላይ ስሩ።

⚠️ መቀበል ብቻ! በዚህ ፍሪኩዌንሲ መላክ የሰው ህይወት አደጋ ላይ ይጥላል።

ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት 👇