በወላይታ ሶዶ ስለ ተወዳዳሪ ስፖርተኞች የጉልበት ማጠንከሪያ ሥልጠና

የወላይታ ሶዶ ከተማ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፥ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። ተራራው ራሱ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ጎሕ ሲቀድ ወደ ተራራው የሚወስደውን መንገድ ለተመለከተ ሰው፥ ማሊያ የለበሱ ወጣቶች ሁለትም ሦስትም ሆነው ሽቅብ ሲሮጡ ማየት የተለመደ ነገር ነው። ከነዚህ ወጣቶች አንዱን አስቁሞ «ጉልበትህን የምታጠነክረው በምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ ልጁ እጁን ወደ ተራራው ይዘረጋል።

እኛም የዚሁ አገር ልጆች እንደ መሆናችን በዚያው መንገድ ወጥተን ወርደናል። ስለዚህ ተራራውን ለማቃለል አልተነሣንም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ተራራ መውጣት ለአንድ ተወዳዳሪ የሚሰጠው ምን እንደ ሆነና የማይሰጠውም ምን እንደ ሆነ ነው።

ነገሩን እንድንመረምር ያነሣሣን አብሮን ይጫወት የነበረ አንድ ጓደኛችን ነው። እርሱ ፈጣን የክንፍ ተጫዋች ነበረ። ለክለብ ሙከራ ሊቀርብ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በየማለዳው ተራራ ይወጣ፥ ከሰዓት በኋላም ይጫወት ነበር። ብረት አንሥቶ እንዲለማመድ ስንመክረው «ብረት ያከብዳል፤ እኔ የምፈልገው ፍጥነት ነው» ይለን ነበር። እኛም ብንሆን ከልብ አልተከራከርነውም፤ ግማሾቻችን የምናምነው ይህንኑ ነበርና። አንድ ቀን ኳስ ተከትሎ ሲፈተለክ የጭኑን ኋላ በእጁ ይዞ ወደቀ። የሙከራውም ቀን እርሱ እያነከሰ አለፈ። በሁለተኛው ዓመት በዚያው እግር፥ በዚያው ቦታ እንደ ገና ተጎዳና ጫማውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጠው።

በመጀመሪያ ስለ ተራራው እንናገር። በሶዶ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ግፊት አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ያነሰ ነው። በዚህ አየር የሚኖርና የሚሮጥ ሰው ሰውነቱ ቀይ የደም ሕዋሳትን በማብዛት ጉድለቱን ለማካካስ ይጥራል። ሽቅብ መሮጥም ልብንና ሳንባን በእጅጉ ያሠራል፤ የባትና የመቀመጫ ጡንቻዎችንም ያበረታል። ሽቅብ ሲሮጥ እርምጃው አጭር፥ ፍጥነቱም የተወሰነ ስለሚሆን አደጋው ጥቂት ነው።

ቁልቁለቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ቁልቁል ስንወርድ የጭናችን የፊት ጡንቻ የሰውነታችንን ክብደት እየያዘ፥ እየተሳበ ይረዝማል። ጡንቻ እየረዘመ ሲሠራ እያጠረ ከሚሠራበት ጊዜ የበለጠ ኃይል ይሸከማል፤ ካልለመደው ደግሞ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክሮች ይጎዳሉ። ተራራ ወጥቶ የማያውቅ ሰው በማግስቱና በሠልስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎቹ ልጆች ሽቅቡን እንደ ሥራ፥ ቁልቁሉን ግን እንደ ዕረፍት ቈጥረው እየተሯሯጡ ይወርዳሉ። ለእግራቸው ግን ከሁለቱ የሚከብደው ቁልቁለቱ ነው።

እንግዲህ ተራራው የማይሰጠው ምንድን ነው? አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ከዚህ ውስጥ በሙሉ ፍጥነት የሚሮጠው ትንሹ ክፍል ነው፤ አብዛኛው እርምጃና ሶምሶማ ነው። ነገር ግን ጎል የሚገባውም ጎል የሚድነውም በአመዛኙ በዚያች በትንሿ ክፍል ነው። በሙሉ ፍጥነት በሚሮጥበት ጊዜ እግር ወደ ፊት ከተወነጨፈ በኋላ፥ መሬት ከመንካቱ በፊት፥ የሚወነጨፈውን ቅልጥም ይዞ የሚያቆመው የጭን የኋላ ጡንቻ፥ ማለት በቋንጃ በኩል የሚወርደው ነው። ያን ጊዜ ይህ ጡንቻ ረዝሞ እያለ በታላቅ ኃይል ይሠራል፤ የጓደኛችንም ጡንቻ የተበጠሰው ሲፈተለክ ነበር። በተራራ ላይ ሽቅብ የሚሮጥ ሰው እግሩ ይህን ያህል አይወነጨፍም፤ ስለዚህ ይህ ጡንቻ ለዚያች ቅጽበት የሚያዘጋጀውን ሥልጠና ከዳሞታ አያገኝም።

ይህን ጡንቻ የሚያጠነክር አንድ ቀላል መልመጃ አለ። ስሙ «ኖርዲክ» ይባላል። ሠልጣኙ በጉልበቱ ይንበረከካል፤ ጓደኛው ከኋላው ሆኖ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶች ወደ መሬት ተጭኖ ይይዛል። ሠልጣኙም ከጉልበቱ እስከ ራሱ እንደ በትር ቀጥ ብሎ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ መቈጣጠር ሲያቅተው በእጁ መሬቱን ይቀበላል። ከዚህ የተለየ መሣሪያ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የዴንማርክ ጥናት 942 ተጫዋቾች በሁለት ተከፍለው፥ አንደኛው ወገን ይህን መልመጃ በዐሥር ሳምንት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲሠራ ተደረገ፤ ሁለተኛው የተለመደውን ልምምድ ቀጠለ። በክትትሉ ጊዜ በሁለተኛው ወገን 52 የዚህ ጡንቻ ጉዳቶች ሲቈጠሩ፥ በመጀመሪያው ወገን 15 ብቻ ሆኑ። ይህን ባነበብንበት ቀን ስለ ጓደኛችን ምን እንዳሰብን አንባቢ ይገምተው።

አሁን «ብረት ያከብዳል» ወደሚለው አሳብ እንመለስ። አሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። በከተማችን በየሠፈሩ ባሉት የብረት ቤቶች የሚታዩት ሰዎች ደረታቸው የሰፋ፥ ክንዳቸው የወፈረ ነው፤ ተመልካቹም ብረት የሚያነሣ ሁሉ እንዲህ ይሆናል ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን አንድ ሰው ብረት ማንሣት በጀመረባቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበቱ የሚጨምረው በአመዛኙ ጡንቻው ስለ ወፈረ አይደለም። አንጎልና ነርቮች ቀድሞ ሳይሠሩ ይቀሩ የነበሩትን የጡንቻ ክሮች በአንድነት ማዘዝ ስለሚማሩ ነው። ጡንቻ መወፈር የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ለዚያውም ብዙ ድግግሞሽ፥ ብዙ ምግብና ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ከባድ ክብደት ከሦስት እስከ ስድስት ጊዜ ብቻ አንሥቶ በቂ ዕረፍት የሚያደርግ፥ በተጨማሪም በየቀኑ የሚሮጥ ወጣት፥ ጉልበቱ ይጨምራል እንጂ ሰውነቱ እምብዛም አይከብድም።

ለሯጮችም ቢሆን ያው ነው። በፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ሯጮች ከልምምዳቸው ሲሶውን ያህል ቀንሰው በዝላይ፥ በአጭር ፍጥነትና በቀላል ክብደት ለዘጠኝ ሳምንት ሲተኩት የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸው እንደ ተሻሻለ አሳይቷል። የሚያስደንቀው የሳንባቸው ኦክሲጅን የመቀበል ከፍተኛ ችሎታ ሳይጨምር ነው። የተሻሻለው በአንድ እርምጃ የሚያባክኑት ኃይል መቀነሱ ነው፤ ጅማታቸው እንደ ጠነከረ ስፕሪንግ ሆኖ መሬቱን በቶሎ ነክቶ ይመለሳልና።

በአገራችንም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨርሶ፥ ተመልካቹ ሁሉ ወድቆ ያየዋል ብሎ ሲጠብቅ፥ በሜዳው መካከል ጂምናስቲክ መሥራት ጀመረ። ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያወራው እንደ ቀልድ ወይም እንደ ድፍረት አድርጎ ነው። ለእኛ ግን ያ ሰው ከእግሩ ሌላ ሰውነቱንም ያሠለጠነ እንደ ነበረ የሚያሳይ ሆኖ ይታየናል።

ክብደትን ቀስ በቀስ መጨመር የሥልጠናው ሁሉ መሠረት ነው። በጥንት ግሪኮች ዘንድ ሚሎ ስለ ተባለ ትግለኛ የሚነገር ተረት አለ፤ ጥጃ በየቀኑ እየተሸከመ ጥጃው ሲያድግ የእርሱም ጉልበት አብሮ አደገ፥ በመጨረሻም በሬውን ተሸከመ ይባላል። (በወላይታ ከቤት ታስሮ የሚደልብ ሰንጋ ያየ ሰው ይህን ተረት በመጠራጠሩ አይፈረድበትም።) ተረቱን ወደ ሥርዓት የለወጠው ደሎርም የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቈሰሉ ወታደሮችን ለማዳን፥ ሰውየው ዐሥር ጊዜ ብቻ ሊያነሣው የሚችለውን ክብደት ለይቶ፥ በመጀመሪያ በግማሹ፥ ከዚያ በሦስት አራተኛው፥ በመጨረሻ በሙሉው ዐሥር ዐሥር ጊዜ ማሠራትን አስተማረ። ወታደሩ ሲበረታም ክብደቱን ይጨምርለት ነበር። የዛሬው ሥልጠና በብዙ ቢለወጥም «ሲበረታ ጨምር» የሚለው ትእዛዝ አልተለወጠም። ተራራው ግን አይጨምርም፤ ዳሞታ ባለፈው ዓመት የነበረውን ያህል ነው።

መሣሪያ የለንም የሚል መልስ ይኖር ይሆናል። እኛ የተጠቀምንበት አንድ የውሃ ቧንቧ ብረትና በሲሚንቶ የተሞሉ የዱቄት ወተት ጣሳዎች ነበሩ። በመጀመሪያ የሠራነው ሚዛኑ የተሳሳተ ስለ ነበረ አንዱ ወገን ከሌላው ከብዶ ወገባችንን አጣመመን፤ ሁለተኛውን ግን ሲሚንቶውን መዝነን ሠራነው። ጋራዥ የሚሠራ ወዳጅ ያለው ሰው ያረጀ የመኪና ማርሽ ቢያገኝ የተሻለ ነው። እርሱም ከሌለ የአሸዋ ጆንያ በትከሻ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ መሥራት፥ ጓደኛን ማዘልና በአንድ እግር ከደረጃ ላይ መውረድና መውጣት ይቻላል። ዋናው ነገር ሥራው በእውነት ከባድ መሆኑ ነው። ያለ ክብደት መቶ ጊዜ ቁጭ ብድግ የሚል ሰው ትዕግሥቱን እንጂ ጉልበቱን አያሳድግም።

ሴቶች ተወዳዳሪዎች ብረት ሲያነሡ «ወንድ ትሆናለች» የሚባለው ይበልጥ ጎጂ ነው። የሴት ሰውነት ጡንቻ የሚያወፍረው የቴስቶስቴሮን መጠን ከወንድ በጣም ያነሰ ስለ ሆነ ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም። በሌላ በኩል የጉልበት መገጣጠሚያ ጅማት መበጠስ በሴት ተጫዋቾች ላይ ይበዛል። በኖርዌይ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 1,892 ልጃገረዶች የተካፈሉበት፥ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፥ ልምምዳቸውን በሃያ ደቂቃ የማሟሟቂያ፥ የጉልበትና የሚዛን መልመጃ ከጀመሩት መካከል ከባድ ጉዳት በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰ ገልጿል።

ዕረፍትን በሚመለከት ደግሞ ከአሠልጣኞቻችን ጋር አንዳንድ ጊዜ አንስማማም። አንዳንድ ቡድን እሑድ ተጫውቶ ሰኞ ማለዳ ተራራ ይወጣል፤ የተሸነፈ እንደ ሆነማ ሁለት ጊዜ። ይህ ቅጣት ነው እንጂ ሥልጠና አይባልም። ከባድ ሥራ የሠራ ጡንቻ ሁለት ቀን ያህል ካላረፈ አይጠግግም፤ የሚጠነክረውም በሚያርፍበት ጊዜ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የብረት ሥራ ይበቃል፤ የመጨረሻውም ከግጥሚያው ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ ቢሆን ይሻላል። ግጥሚያ ሲደራረብ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ በሐዋሳ 2 ለ 1 አሸንፎ፥ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ በካይሮ 2 ለ 1 ተሸንፎ፥ በመለያ ምት ጥሎ ማለፉን የማያስታውስ የሶዶ ልጅ የለም። ሁላችንም የምናወራው ስለ መለያ ምቱ ነው፤ ከዘጠና ደቂቃ በኋላ ኳስ ለመምታት የቆመው እግር ግን በዚያ ሳምንት ምን ያህል እንዳረፈ ማሰብ ይገባል።

ስለ ምግብ አጭር ቃል እንጨምር። ቆጮ፥ ስኳር ድንችና ጎደሬ ለሯጭ የሚያስፈልገውን ኃይል በሚገባ ይሰጣሉ፤ ጡንቻ የሚጠግንበት ፕሮቲን ግን በቆጮ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። ጉልበቱን የሚያሠለጥን ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያገኝ ይበቃዋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ወጣት ይህ 96 ግራም ነው። ሥጋ ለተማሪ ኪስ አይደርስም፤ የወላይታ ሰንጋም ወደ አዲስ አበባ ሥጋ ቤቶች ይጫናል። ነገር ግን በየማሳችን የሚበቅለው ቦሎቄ በ100 ግራም ደረቅ ፍሬ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። ከቆጮ ጋር ቦሎቄ፥ ሲገኝም እርጎ ወይም እንቁላል መብላት ለጾመኛውም ለማይጾመውም እንደየሁኔታው የሚቻል ነው።

በመስከረም የጊፋታ በዓል ሲደርስ አብዛኛው ስፖርተኛ ልምምዱን አቁሞ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል፤ ይህንም አንነቅፍም። የተገኘ ጉልበት ለሦስት ሳምንት ያህል ብዙ ሳይቀንስ ይቆያል፤ ቀድሞ የሚቀንሰው ትንፋሽ ነው። ከበዓሉ ሲመለሱ ችግር የሚፈጥረው ሁሉም የተወውን ክብደት በመጀመሪያው ቀን ለማንሣት መሽቀዳደሙ ነው። በእኛ ቡድን የተስማማነው በመጀመሪያው ሳምንት ከቀድሞው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ማንሣት፥ ኖርዲኩንም በሦስት ድግግሞሽ እንደ ገና መጀመር ነው። ዘንድሮ ቁርጭምጭሚት የሚይዝልን ያ ጫማውን የሰጠው ጓደኛችን ነው፤ ታናሽ ወንድሙም ከሠልጣኞቹ አንዱ ነው።