ፊት ያለው ባላንጣ

ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላው ወተት ሲይዝ ልጆች ማማ ላይ ይወጣሉ። ወንጭፋቸውን ይዘው፣ ድንጋያቸውን ከእግራቸው ሥር ከምረው ከንጋት እስከ ምሽት ግሪሳ ይጠብቃሉ። ግሪሳ ሲመጣ እንደ ደመና ነው፤ አንዱን መንጋ ሲያባርሩት ሌላው በጀርባ ይወርዳል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ወንጭፍ የማይመልሰው መጣ። የበረሃ አንበጣ ራያን ሲያለብሰው ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፣ ያገኘውን ሁሉ እየደበደበ፣ የዓመት ልፋቱ ዓይኑ እያየ ተበላ። ከዚህ የባሰ ጠላት የት ይገኛል? ነገር ግን አንበጣውን ዋና ባላንጣ አድርጋችሁ ፊልም ሥሩ ብትባሉ ታሪኩ ብዙ ሳይራመድ ይደርቅባችኋል። አንበጣ የሚበላው ስለራበው ነው፤ ልተው ቢል እንኳ አይችልም። ሰው ግን መተው ይችላል። መተው እየቻለ ያልተወ ሰው ሲመጣ ነው ተመልካች ወንበሩ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው።

አማርኛ ለዚህ ሰው ስም አያጣም፤ ባለጋራ፣ ደመኛ፣ ተቀናቃኝ፣ ሸረኛ ይለዋል። ብዙ ስክሪፕት የሚበላሸው እነዚህን በማደባለቅ ይመስለኛል። ባለጋራ የሙግት ቃል ነው፤ ከሳሽ ለተከሳሽ፣ ተከሳሽም ለከሳሽ ባለጋራው ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ መሬት ነው፤ መሬቱም ለሁለት አይበቃም። የታሪክ ባላንጣ ሥራውም ይኸው ነው፤ ባለታሪኩ የፈለገውን እንዳያገኝ መንገዱ ላይ መቆም። ለዚህ ክፉ መሆን የለበትም። ሸረኛ ግን ክፋቱን እያወቀ የሚሠራ፣ አንዳንዴም የሚጣፍጠው ነው።

የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ያየ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። በ2007 ዓ.ም. የካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ትንሹ ኤፍሬም ከዘመድ ቤት ተጠግቷል፤ ያለችው አንዲት በግ ናት። አጎቱ በጓን ለበዓል ማረድ ይፈልጋል፤ ልጁ ወጥ ቤት ገብቶ ምግብ መሥራቱንም አይወድለትም። ለኤፍሬም ከአጎቱ የሚበልጥ ጠላት የለም። አጎትየው ግን ቤተሰብ የሚያስተዳድር ገበሬ ነው፤ በግ ለበዓል ይታረዳል፣ ወንድ ልጅ ሞፈር ይይዛል ብሎ ያደገ። አንድም ክፉ ሰው ሳይኖር ፊልሙ ልባችንን ሰቅሎ ይይዘዋል።

አሁን ወደ እውነተኛው ክፉ ልለፍ። ከኢትዮጵያ ፊልሞች መካከል እንደ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ባላንጣን በጥቂት ነገር የሣለ አላየሁም። በአብዮቱ ሰሞን በጥቁርና ነጭ ተቀርጾ ለተመልካች የቀረበው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1976 ነው። ባለመሬቱ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ወንበር አስወጥቶ ይቀመጣል። ከታች ጢሰኞቹ ያርሳሉ፤ እሱ ከላይ ሆኖ ይሰድባቸዋል። ወንበሩን ልብ በሉ። በዚያ ፊልም ውስጥ ሰው ሁሉ ይራመዳል፣ ይጎነበሳል፣ ይሸከማል፤ ከብቶቹ እንኳ አያርፉም። የተቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ባለመሬቱን በመጀመሪያው ትዕይንት ሰው አላስገደለውም፣ ጥርሱንም አላስፋጨውም። አስቀመጠው፤ ከዚያም መልሶ መላልሶ እዚያው ተቀምጦ አሳየን። ከብት የምትጠብቀው ልጅ የባለመሬቱን ላም አድናለሁ ብላ ወንዝ ሲወስዳት የዚያ ወንበር ዋጋ ስንት እንደሆነ ይገባናል። በመጨረሻ ሰው ሁሉ እብድ የሚለው ከበበ ዱላውን ሲያነሣ ተመልካቹ በልቡ ካነሣው ቆይቷል። ጎበዝ ጸሐፊ ባላንጣውን በአንድ ዕቃና በአንድ ልማድ ያስተዋውቀዋል፤ ቀሪውን ለጊዜ ይተወዋል።

ካሜራ ባላንጣ የሚሠራው በልብ ወለድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛው አካባቢ ምስክር ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ የገባው ረሃብ እጅግ ከጎዳቸው ቦታዎች አንዱ የያኔው ራያና ቆቦ አውራጃ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ገብቶ ያነሣው ዘገባ በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ዓመት ሳይሞላ ያው ምስል አዲስ አበባ ላይ ለሌላ ሥራ ዋለ። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ደርግ በቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም የዲምብልቢን የረሃብ ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ የተቆረጠ ነበር። የድግስ ገበታ፣ ከዚያ አጥንቱ የቀረ የወሎ ሕፃን፤ ከንጉሡ እጅ ሥጋ የሚቀበል ውሻ፣ ከዚያ ሬሳ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

ያን ምሽት ደጋግሜ አስበዋለሁ። ረሃቡ እውነት ነው፤ ዘመዶቻችን ያለቁበት ነው። መደበቁም እውነት ነው። ግብዣውም ውሸት አልነበረም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ግን መቀስ ነው። ለየብቻ ሲታዩ አንዱ ሐዘን ሌላው ሥነ ሥርዓት የነበሩት ምስሎች ሲገጠሙ አንድ ሰው ወንጀለኛ ሆኖ ወጣ። ፊት ያልነበረው ረሃብ በአንድ ሌሊት ፊት አገኘ። የፊልም ባለሙያ ይህን ኃይል በእጁ መያዙን ማወቅ አለበት። ያን ፊልም ያስቆረጡት ሰዎች ከ10 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977፣ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብሩ ወሎ ዳግመኛ ተርቦ ነበር፤ ያንንም ሸፈኑት። ጥቅምት 13 ቀን ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከአላማጣ ሽቅብ ካለችው ኮረም ያነሡት ምስል በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ተነቃነቀ። በዚህኛው ታሪክ ከወንበሩ ላይ የተቀመጡት እነሱ ሆኑ። በ1967 ግን ራሳቸውን የሚያዩት እንደ አዳኝ ነበር። ባላንጣ የምትጽፉ ሁሉ ይህን ያዙልኝ፤ የትኛውም ባላንጣ በራሱ ዓይን አክተር ነው።

አክተር ካልን፣ በቪዲዮ ቤት ያደግን ሰዎች «አክተር አይሞትም» እያልን ነው ያየነው። ስለዚህ ውጥረቱን ሁሉ የሚሸከመው ሌላኛው ሰው ነበር። በ1975 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው የሕንዱ «ሾላይ» ሽፍታው ጋባር ሲንግን ፊልሙ ብዙ ከሄደ በኋላ ነው የሚያመጣው። እስከዚያ የምናየው መንደርተኛው ስሙን ሲሰማ የሚሆነውን ነው። ሲመጣ ፍርሃቱ ቀድሞት ቤታችን ገብቷል። አንቶኒ ሆፕኪንስ ሃኒባል ሌክተርን ሲጫወት 2 ሰዓት ገደማ በሚሆን ፊልም ውስጥ የሚታየው ከ25 ደቂቃ በታች ነው፤ ለዚያው በምርጥ መሪ ተዋናይነት ኦስካር ተሸልሟል። በእኛው ቴሌቪዥን «ሰው ለሰው» ውስጥ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የተረሳ አይመስለኝም። ባለሀብት፣ በሰው ፊት የተከበረ፣ ለክፋቱ መጮህ የማያስፈልገው። ተዋናዩን መንገድ ላይ ሲያይ «አስናቀ» ብሎ የሚጠራው ስንቱ ነው! በኋላ የመጡ ብዙ ድራማዎች ከአስናቀ ሱፉንና መኪናውን ወሰዱ፤ ርጋታውን ግን ተዉት።

ስለ ሸረኛ ሲነሣ ያጎ አይቀርም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ኦቴሎ» ውስጥ ያጎ ጎራዴ የሚመዝበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚያስፈልገው አንድ መሐረብ ነው። ኦቴሎ ከየት እንደሚሰበር ያውቃል፤ ከዚያው ይገፋዋል። ጥሩ ባላንጣ ባለታሪኩን ከወዳጆቹ ይበልጥ ያውቀዋል። እንግዲህ ባላንጣችሁ ደካማ የሆነባችሁ እንደሆነ ወደ ባለታሪካችሁ ተመለሱ፤ ምናልባት እሱ ራሱ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ አልተጻፈ ይሆናል።

ለራያ ሰው ከሁሉ የቀረበው ባላንጣ ግን ደመኛ ነው። የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» በ1960ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ ፊልም ገና ዳዴ ሲል ይህንኑ የደም ነገር ነው ያነሣው፤ ስሙንም ከኦሮሞ የደም ዕርቅ ሥርዓት ወስዷል። እኛም ጋ ሰው ሲሞት ደም መላሽ ይነሣል። የሟች ወንድም ትናንት ከብት ሲያግድ የዋለ ልጅ ይሆናል፤ ዛሬ ጠመንጃ የሚጭንበት ቤተሰቡ ነው። በለቅሶው ቤት ደም መላሹ የወንድ ልጅ ነው፤ ከገደሉ ባሻገር ባለው ቤት ደግሞ ሌሊት የሚመጣ ሞት ነው። ያው አንድ ልጅ! ክፉ የሚሆነው ካሜራው የትኛው ቤት እንዳደረ ተቆጥሮ ነው። ቀጥሎ ዘወልድ የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ይገባሉ። ይህ ለስክሪፕት ጸሐፊ ትልቅ ሀብት ነው፤ ደም መላሹ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ምርጫ ፊቱ ይቀመጣል፤ መተው ይችላል። ቢተው ማን ምን ይለዋል? ባይተውስ? አንበጣው ያልነበረው ነገር አሁን መጣ።

ብዙዎቹ የአገራችን ፊልሞች እዚህ ደርሰው ይቸኩላሉ። ደመኛውን ጢም ያስረዝሙበታል፣ አረቄ ያስጠጡታል፣ ያስገለፍጡታል፤ ከዚያ ይገድሉትና እናርፋለን። ስንወጣ ስሙን እንኳ አናስታውሰውም። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ኪሳራ ነው የማየው፤ የምናውቀውን ሰው፣ ጎረቤታችንን፣ ምናልባትም አጎታችንን አስፈራሪ አሻንጉሊት አድርገን መለስነው።

ቆቦ፣ ሮቢት፣ ጎብዬ፣ ዋጃ ሆናችሁ በስልካችሁ አጫጭር ድራማ የምትቀርጹ ልጆች አላችሁ። የሟችን ቤት ለቅሶ ቀርጻችሁ ስትጨርሱ ስልኩን አታጥፉት። ገደሉን ተሻገሩና የገዳዩን ቤት በር አንኳኩ። እናቱ ቡና እያፈላች ይሆናል፤ አንድ ሲኒ ትርፍ አስቀምጣ፣ ጆሮዋን ወደ ውጭ ጥላ። ያን ትዕይንት መጀመሪያ ጻፉልን።