«አሳምፕሽን» ማለት ምን ማለት ነው?



በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብዙዎቻችሁን ከሚያደናግሩ ቃላት አንዱ «አሳምፕሽን» ነው። በአማርኛ «ግምት» ወይም «ታሳቢ» ልንለው እንችላለን። ትርጉሙም ማስረጃ ሳይቀርብለት እንደ እውነት ተይዞ ሌላ ነገር የሚቆምበት ሐሳብ ማለት ነው። ግሡ «አስዩም» ይባላል። ልብ በሉ፤ ግምት ውሸት አይደለም፤ ገና ያልተረጋገጠ ነገር ነው።

ምሳሌውን ሩቅ አንፈልግ። የኒው ሀልፋን እርሻ የሚያጠጣው የኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ በ1964 እ.ኤ.አ. ሲያልቅ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዝ ነበር። ሆኖም አትባራና የእኛው ተከዜ (እዚህ ሰቲት የሚባለው) ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርገው ያመጡት ደለል ግማሽ ያህሉን ቦታ ያዘበት። እንግዲህ ዛሬም «ግድቡ እንደ ድሮው ይይዛል» ብሎ የሚዘራ ገበሬ ቢኖር፣ የዘራው በአሳምፕሽን ላይ ነው።

የዚህ ቃል ዘመድ «ፕሪዛምፕሽን» ነው። ይህ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ የሚጸና ግምት ሲሆን በሕግ ብዙ ይሠራበታል። በ1999 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ ከ1991 በፊት ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ደርግ በመውደቁ የስደት ምክንያታቸው አብቅቷል ሲል አስታወቀ፤ ውሳኔውም ከማርች 2000 ጀምሮ ጸና። ይህ በጅምላ የተወሰደ ግምት ነበር። ስለዚህም «የእኔ ፍርሃት አላበቃም» የሚል ሰው ጉዳዩ በግል እንዲታይለት መጠየቅ ይችል ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ቃሉ ለእናንተም ይጠቅማል። በቃለ መጠይቅ ጊዜ ያያችሁትን «አውቃለሁ»፣ ከሰው የሰማችሁትን «ሰምቻለሁ»፣ በልባችሁ የገመታችሁትን «እገምታለሁ» በሉ። «ወንድሜ ታስሯል» ብሎ ፈጽሞ መናገርና «ከዚያን ቀን ወዲህ አላየሁትም፤ የታሰረ ይመስለኛል» ማለት አንድ አይደለም። የተገመተው እንደ ታወቀ ተነግሮ ኋላ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ፣ እውነተኛው ቃላችሁ ጭምር ይጠረጠራል። አስተርጓሚውም ልዩነቱን ጠብቆ እንዲተረጉምላችሁ ጠይቁት።

መልመጃ፦ ዛሬ ማታ በቤታችሁ ከሚነገረው ወሬ አምስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከየአንዳንዱም ጎን «የታወቀ»፣ «የተሰማ» ወይም «የተገመተ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ነገ በክፍል እንመለከተዋለን።